አራተኛውን ቤዝ ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አምደኛችን ጎንደር ፒያሳ ሬዲዮና የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግናል፤ ቤዝ ጊታር መጫወት ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሰርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ባንድ ውስጥ ቤዝ እጫወታለሁ። ሦስት ቤዝ አለኝ፦ አንድ ፕረሲዥን፣ አንድ ጃዝ ቤዝና አንድ ባለ አምስት ክር። አሁን ወደ ውጭ የሚሄድ ወዳጄ ፍሬት (አንገቱ ላይ በየመስመሩ የሚሰካው ቀጭን ብረት) የሌለውን ቤዙን ሊሸጥልኝ ነው። ካየሁት ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ግን «እጅህ ሁለት፣ ጊታርህ ሦስት፤ አራተኛውን በምን ልትይዘው ነው?» አለችኝ። መልስ የለኝም። እውነት ይሄ ነገር ሱስ ይሆን? ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?
አራተኛውን የሚመኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግዛው። ምክንያቱን ግን ረጋ ብዬ ልንገርህ፤ ባለቤትህም አብራህ ታንብበው።

ይህን ጥያቄ እኔን መጀመሪያ የጠየቀችኝ እናቴ ናት። በ1985 ዓ.ም. አንድ የሆቴል ባንድ ፈርሶ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ጃፓን ሠራሽ የሆነ የፕረሲዥን ቅጂ በዘጠኝ መቶ ብር ገዛሁ። ጭንቅላቱ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ ጠፍቷል። ብሩን ያገኘሁት ቴፔን ሸጬ ነው። እናቴ ቴፑን ከቦታው ብታጣው፣ ጥግ ላይ የቆመውን እንጨት አየችና «የሚዘፍንልህን ሸጠህ የምትዘፍንለትን ገዛህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። የሸጥኩት ቴፕ ቤዝ ያስተማረኝ ቴፕ ነበር። የሮሃ ባንድን ካሴት እየመላለስኩ፣ ጆሮዬን እስፒከሩ ላይ ለጥፌ፣ ቤዚስቱ ጆቫኒ ሪኮ የሚጫወተውን አንድ በአንድ የለቀምኩት በእሱ ነው። ለጎረቤት የሚሰማው ዘፈኑ ነው፤ ለእኔ ከዘፈኑ ሥር የሚሄደው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ግድግዳው አለ። ልጆች ሆነን ማታ ፒያሳ ስናልፍ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ባንድ ይጫወት ነበር። እኛን ማን ያስገባናል? ውጭ ቆመን ስናዳምጥ የዘፋኙ ድምፅ አይለይም፣ ሳክስፎኑም ይታፈናል፤ ያንን ወፍራም ግድግዳ አልፎ የሚመጣው ዱም፣ ዱም የሚለው ብቻ ነው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚያወጣው እንኳ ሳላውቅ ወደድኩት። ኋላ ሬዲዮ ጥገና ስማር ምክንያቱ ገባኝ፤ ቀጭን ድምፅን ግድግዳ ያስቀረዋል፣ ወፍራሙ ግን ያልፋል። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራው ጊታር ወፍራም ክር ደግሞ 82። እንግዲህ በትክክል በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው።

የዚህ ዕቃ ዋና ባለቤት ራሱ ሬዲዮ ጠጋኝ መሆኑን ሳውቅ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ነበረው፤ ጊታር መጫወት ግን አይችልም ነበር። ከእሱ በፊት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፖል ቱትማርክ የሚባል ሰው ሲያትል ውስጥ ኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ብዙም ሳይስፋፋ ቀረ። ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግን ዓለምን አዳረሰ። ስሙን ፕረሲዥን ያለው ፍሬት ስላለው ነው፤ ፍሬት በሌለው፣ ቆመው በሚጫወቱት ትልቁ ኮንትራባስ ላይ ጣት ትንሽ ከሳተ ድምፁም ይስታል፣ እዚህ ግን ፍሬቱ ድምፁን በልኩ ይይዝልሃል። አሁን አንተ ልትገዛ ያሰብከው ያ ፍሬት የወለቀለትን ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«በምን ትይዘዋለህ» ለሚለው፣ ጋቢም ኩታም ካፖርትም ያለው ሰው ሦስቱን ባንድ ላይ አይደርብም። ሰርግ ሲሄድ ኩታውን፣ ሌሊት ሲበርደው ጋቢውን ያወጣል። እኔ አምስት ቤዝ አለኝ፣ አንዱም የሌላውን ሥራ አይሠራልኝም።

የዘጠኝ መቶ ብሩ ዛሬም ለሰርግ የምይዘው ነው። አንተም በዳስ ስለምትጫወት ታውቀዋለህ፤ ጄኔሬተሩ ከጎን ይጮሃል፣ አምፖሉ ከላይ ተደርድሯል፣ ገመዱ እርስ በርሱ ተጠላልፏል። እዚያ ውስጥ ጃዝ ቤዝህን ይዘህ የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ሁለት ፒክአፖች የአንዱን ድምፅ ዝቅ ብታደርገው ህም የሚል ድምፅ ከእስፒከሩ ይወጣል፣ አይደል? ሁለቱንም እኩል ስትከፍት ይጠፋል። ፕረሲዥን ግን ከ1957 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፒክአፑ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ የሚያመጣውን ጩኸት ግማሹ ያጠፋዋል። በጄኔሬተር ለሚሠራ ሙዚቀኛ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ስለዚህኛው ቤዝ ሌላም የምነግርህ አለ። ከፒክአፑ በላይ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ እስኪታይ ተበልቷል። እኔ ስገዛው እንዲያ ነበር። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ማን እንደሆነ፣ ጃፓናዊ ይሁን የአዲስ አበባ ልጅ፣ አላውቅም። ግን ስንት ሌሊት፣ ስንት ዘፈን አውራ ጣቱን እዚያ አሳርፎ አልፏል! የመጀመሪያ ቀን ስይዘው የእኔም አውራ ጣት እዚያችው ጎድጓዳ ላይ ገባ። ያገለገለ ቤዝ መግዛትን ከአዲሱ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው። አዲስ ቤዝ ዝም ብሎ ይጠብቅሃል፤ ያገለገለው ጨዋታ ይዞ ነው የሚመጣው።

ጃዝ ቤዙን ዋሽንግተን የሚኖር የአክስቴ ልጅ በ1998 ዓ.ም. ለጥምቀት ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። እንዴት አመጣው መሰለህ? አንገቱን የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቶ፣ አካሉን በልብስ ጠቅልሎ፣ አንገቱን ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ሰያፍ አስገብቶ። የከተራ ለት ጠዋት አልጋ ላይ ዘርግተን በካቻቢቴ ገጠምነው። እኔ ብሎኑን ሳጠብቅ እሱ አንገቱን ይይዛል፤ ክሮቹን አስገብተን እስክንቃኝ ድረስ ሁለታችንም አልተነጋገርንም። ታቦቱን ለማጀብ ስንወጣ ጣቴ ላይ ገና የአዲስ ክር ሽታ ነበር። አንገቱ ጫፉ ላይ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከፕረሲዥኑ ቀጠን ስለሚል ጣት ይሮጥበታል። ችክችካ ላይ ከእሱ የሚስተካከል የለኝም።

ባለ አምስት ክሩን ብዙ አላወራልህም። በሴኮንድ 31 ጊዜ የሚርገበገበው አምስተኛ ክር በትንሽ እስፒከር ከምትሰማው ይልቅ እስፒከሩን የምትጎዳበት ይበዛል። አንተ ባለፈው ዓመት ስንቴ አወጣኸው? ካላወጣኸው ለሚጫወትበት ልጅ ሽጠው፤ ለአዲሱ ገንዘብም ቦታም ይሆንሃል። ለባለቤትህም ይህ ከማንኛውም ቃል የተሻለ መልስ ነው፤ ቁጥሩ ሦስት ሆኖ ይቆያል።

አሁን ወደ ፍሬት አልባው። የእኔ የተገኘው በንዴት ነው። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ቤዝ ጎንደር ደርሶ ስከፍተው፣ ከሰባተኛው ፍሬት ወዲያ ያለው ሁሉ ይንዛዛል። ፍሬቶቹ ከመደባቸው ተነስተዋል፤ አንዳንዶቹ ቀድሞም ወልቀው በሙጫ የተለጠፉ ነበሩ። ብመልሰው አልቀበልም አሉኝ። ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ተኛ። አንድ ሁዳዴ፣ ሥራ በሌለበት፣ አወጣሁት፤ ፍሬቶቹን በካውያ እያሞቅሁ በፒንሳ ነቀልኳቸው፣ ክፍተቱን በስስ እንጨት ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እጄ ሳምንት ሙሉ አመመኝ።

ከፋሲካ በኋላ ማሲንቆ የሚጫወት ወዳጄ ቤቴ መጣ። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ናት፤ ፍሬት የላትም፤ ጣቱ የሚፈልገውን ድምፅ በራሱ ይፈልጋል። ለዓመታት አብረን ስንጫወት አንድ ነገር ይቆጠቁጠኝ ነበር፦ በተለይ አንቺሆዬ ላይ የእሱ ድምፅና የእኔ ፍሬት አንድ ጸጉር ያህል ይለያያሉ። እሱ ትክክል ነው፣ እኔም በፍሬቱ ልክ ትክክል ነኝ፤ ግን አንገናኝም። ያን ቀን ያለ ፍሬት ሆኜ ጣቴን ቀስ ብዬ ወደ እሱ አንሸራተትኩት። ተገናኘን። ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝና ሳያቆም ዜማውን መለሰው፤ እንደገና መጫወት ፈልጎ ነው። አሜሪካዊው ቤዚስት ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1962 እ.ኤ.አ. በተሠራ ጃዝ ቤዙ ፍሬት አልባ ጨዋታን ለዓለም አሰምቷል፤ እዚህ ጎንደር ግን የአዝማሪ ጎረቤት ያለው ቤዚስት ከማንም በላይ ይህን መሣሪያ ይፈልገዋል። ሦስቱ ቤዞችህ ተደምረው ይህን አያደርጉልህም። ግዛው ያልኩህ ለዚህ ነው።

ስትገዛ ግን ፍቅር ዓይንህን አይሸፍነው። አንገቱን ከጭንቅላቱ በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ እይ፤ ትንሽ ወደ ፊት ጎበጥ ማለቱ ጤና ነው፣ ወደ ጎን ከተጠማዘዘ ግን ተወው። አራቱ ክሮች ባንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ አንድ ጎልማሳ ሌት ተቀን ተንጠልጥሎበታል እንደ ማለት ነው። አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት ይህን ጉልበት የሚቋቋም ነውና ብሎኑ ይዞር እንደሆነ ጠይቅ። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሳትሰካ አትክፈል፤ ቁልፎቹን ስታዞር ከተንኮሻኮሹ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። 9 ቮልት ባትሪ የሚፈልግ ከሆነ ባትሪው ሲደክም ድምፁ እንደሚበላሽ፣ ጨርሶም ሊጠፋ እንደሚችል እወቅ፤ ትርፍ ባትሪ ኪስህ አይጥፋ። ሳትጫወት ገመዱን ሰክተህ አትተው፣ ባትሪው ያልቃል።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ የጎንደርን አየር አስብ። ክረምት እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ ይደርቃል፤ አንገቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። እኔ መስከረም ሲጠባና ጥር ከመግባቱ በፊት አምስቱንም አንድ በአንድ አያለሁ። የአንገቱን ብረት ብሎን ከሩብ ዙር በላይ ባንድ ቀን አላዞርም፤ አዙሬ አሳድራለሁ፣ በማግስቱ አያለሁ። ከምድጃ አጠገብና ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀላቸው።

«ሱስ ነው ወይ» ላልከኝ፣ ሁለት ሰው ልጥቀስልህ። የዲትሮይቱ ጄምስ ጄመርሰን ያን ሁሉ የሞታውን ሸክላ አሳታሚ ሙዚቃ በዋናነት የሠራው በአንድ የ1962 እ.ኤ.አ. ፕረሲዥን ነው፤ ክሩን እንኳ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር። የእንግሊዙ የዘ ሁው ባንድ ቤዚስት ጆን ኤንትዊስል ደግሞ በጣም ብዙ ጊታር ሰብስቦ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሞት ስብስቡ በማግስቱ ዓመት ለንደን ውስጥ በሶዘቢስ ጨረታ ተሸጠ። ሁለቱም ታላላቅ ቤዚስቶች ናቸው። የቤዝ ብዛት ሰውን አያጠፋም፤ የልጅ ወተትና የቤት ኪራይ ገንዘብ ሲነካ ነው የሚያጠፋው። እኔ ከጥር ሰርግ ገንዘብ ውጭ ለጊታር ብር አውጥቼ አላውቅም፤ ካልሞላ ዓመት እጠብቃለሁ። ጥበቃውንም እወደዋለሁ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ፣ ያልገዛሁትን ቤዝ በልቤ እየተጫወትኩ ያለኝን ሳልሰካ በባዶው እነካለሁ፤ ሆዴ ላይ ሲርገበገብ ይሰማኛል፣ ጎረቤት አይሰማም።

ጥያቄ፦ አባባ፣ ማራኪ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቤዝ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን እጄ ትንሽ ነው፣ በዚያ ላይ ግራኝ ነኝ። የግራኝ ቤዝ ፈልጌ አጣሁ። ወንዶቹ ጓደኞቼ «ቤዝ ላንቺ ይከብድሻል» ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?
ግራኟ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ልጄ፣ የሚሉሽን ተያቸው። የተለመደው ቤዝ ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አጭሩ ግን 76 ሴንቲ ሜትር። አሥር ሴንቲ ሜትር ለጣት ብዙ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ይቀራረቡልሻል፣ ክሩም ይላላል።

የቫዮሊን ቅርጽ ያለውን አጭር ቤዝ ፈልጊ። ዝነኛውን የሠራው የጀርመኑ ሆፍነር ነው፤ ፖል ማካርትኒ በ1961 እ.ኤ.አ. ሀምቡርግ ውስጥ የገዛው እሱን ነው። ማካርትኒም እንዳንቺ ግራኝ ነው። አካሉ ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ቀኝና ግራው አንድ ዓይነት ስለሆነም ገልብጠሽ ብትይዢው ትከሻሽ ላይ አያስጠላም። የቀኝ እጅ ቤዝ ሲገለበጥ ግን ክሮቹን ማቀያየር ብቻ አይበቃም፤ ጭንቅላቱ ጋ ያለችው ክሮቹ የሚያርፉባት ጥርሳም አጥንት ለወፍራሙ ሰፊ፣ ለቀጭኑ ጠባብ ሆና ስለተቆረጠች እሷም መለወጥ አለባት። ግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እኔ ዘንድ የዚህ ዓይነት ቅጂ አለ። ቅዳሜ ገበያ ከአሮጌ አልጋና ከብረት ድስት መሀል፣ ክር የሌለው፣ አቧራ የጠጣ ሆኖ ያገኘሁት ነው። ሻጩ ክራር መስሎት ነበር። ሳጸዳው ከሥሩ የማር መልክ ወጣ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አልሸጠውም፤ ግን ወደ ፒያሳ ብቅ ካልሽ ለአንቺ ገልብጬ እቃኘዋለሁ፤ ሞክረሽ ልኩን ታውቂበታለሽ። ክር ስትገዢ ርዝመቱ ለአጭር ቤዝ መሆኑን ለሻጩ መንገር አትርሺ። የረጅሙ ወፍራም ክር መቃኛው ላይ ሲጠመዘዝ ሊሰበር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቤዝ ክር ተወደደብን፤ ጎንደርም እንደልብ አይገኝም። የሞተ ክር ይታደሳል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?
የሆቴል ባንድ አባል

መልስ፦ እውነት ነው፣ ለጊዜው። ክር የሚሞተው ላብና የቆዳ ቅባት በጥምጥሙ መሀል ሲገባ ነው። ፈትተህ፣ ጠቅልለህ፣ በፈላ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ቀቅለው። ለምግብ በማትጠቀምበት ድስት ይሁን። አውጥተህ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ፀሐይ ላይ አድርቀው፤ እርጥቡን ከመለስከው ይዝጋል። ድምፁ ለጥቂት ሳምንት ይበራል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ አይሠራም። ክርህ ላዩ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን አትቀቅለው፤ እሱ ሲያረጅ ነው የሚጣፍጠው። ደግሞ አራቱን ባንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሁለቱን ፍታ፤ አንገቱ ድንገት ባዶ አይሁንበት።